ለኤጀንት የሚጻፍ መግለጫ፦ «ጆብ ያስነሳል» ለምን አይበቃም?

ባለፈው ክረምት አንድ ኤጀንት ያንኑ ሥራ አምስት ጊዜ አስነሳብኝ። የሙከራ ሰርቨር ላይ ስለነበር የተበላሸ ነገር የለም። ግን አምስቱም ቢልዶች (የኮድ ግንባታዎች) ወረፋ ይዘው ማሽኑን ሲያስጨንቁት፣ የባልደረቦቼ ሥራ ከኋላ ተሰልፎ ሲጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የተናደድኩት በኤጀንቱ ነው። ሎጉን (የሥራውን ዝርዝር መዝገብ) ከፍቼ ሳነብ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። መሣሪያውን ያዘጋጀሁለት እኔ፣ ስለ መሣሪያው የነገርኩትም እኔ። የነገርኩት ደግሞ ይህችን ብቻ ነበር፦

«ጆብ ያስነሳል።»

ለእኔ በቂዬ ነበረች፤ የቀረውን በልምድ አውቀዋለሁ። ኤጀንቱም ቢሆን ጆቦቹ ስለሚነሡበት ፕሮግራም፣ ስለ ጄንኪንስ፣ በጠቅላላው ብዙ አንብቧል። የእኔ መሣሪያ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ግን ከየት ያውቃል? ከእነዚያ ሁለት ቃላት ውጭ ምንም አልሰጠሁትም።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ትንሽ ልመለስ። ኤጀንት የምንለው እንደ ቻትጂፒቲ ወይም ክሎድ ያለ የቋንቋ ሞዴል ሆኖ፣ ከማውራት አልፎ ሥራ እንዲሠራ መሣሪያ የተሰጠው ነው። ሞዴሉ በራሱ ሰርቨር አይነካም። «ይህን መሣሪያ በእነዚህ ዋጋዎች ጥራልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ በዙሪያው ያለው ፕሮግራም ይጠራለታል፤ ውጤቱም ጽሑፍ ሆኖ ይመለስለታል። እሱን አንብቦ ቀጣዩን ይወስናል። መሣሪያና ሞዴል የሚገናኙበትን ቋንቋ አንድ ወጥ ለማድረግ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን ስምምነት ይፋ አደረገ፤ ሁላችንም በአጭሩ ኤምሲፒ እንለዋለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ መሣሪያዎቹን ከሚያቀርበው የኤምሲፒ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ «ምን ምን መሣሪያ አለህ?» ይላል። ሰርቨሩ ዝርዝር ይልካል፤ በዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ መግለጫና የሚቀበላቸው ዋጋዎች ቅርጽ አለ። ሞዴሉ መሣሪያውን የሚያውቀው በዚህ ዝርዝር ነው። ኮዱን አያይም። የቢሮውን ዊኪ አላነበበም። «አርብ ከሰዓት በኋላ ዲፕሎይ (ኮድ ወደ ሰርቨር ማውጣት) የለም» ብለን የተስማማንበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም የለም።

ጄንኪንስ ደግሞ ራሱን «አውቶሜሽን ሰርቨር» ብሎ የሚጠራ የቆየ ፕሮግራም ነው። ኮህሱኬ ካዋጉቺ ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሀድሰን» ብሎ ጀመረው፤ ኦራክል ሰንን ከገዛ በኋላ በስሙ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣና ማኅበረሰቡ በ2011 «ጄንኪንስ» ብሎ ይዞት ወጣ። ፕሮግራመሮች ኮድ ሲያስገቡ ይገነባል፣ ይፈትናል፣ ሲባልም ወደ ሰርቨር ያወጣል። እንዲህ ያለው የተዘጋጀ ሥራ «ጆብ» ይባላል፤ ጆቡ አንድ ጊዜ ሲሠራ ደግሞ «ቢልድ»። አርማው ፎጣ በክንዱ የጣለ አሳላፊ ነው። አቤት ወዴት ባይ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ አሁን ደግሞ በእሱና በእኛ መካከል ሌላ አቤት ወዴት ባይ ገባ።

የወረፋ ወረቀት

ወደ አምስቱ ቢልዶች እንመለስ። ጄንኪንስ «ይህን ጆብ አስነሳ» ሲባል ወዲያው አያስነሳም። ጥያቄውን ይቀበልና 201 የሚል፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚል የቁጥር መልስ ይሰጣል፤ አብሮ የወረፋ አድራሻ ይልካል። ሌላ ሥራ ባይኖር እንኳ ሰው ቅንብሩን ካልለወጠው 5 ሰከንድ ያህል ይታገሣል፤ ሥራ ከበዛ ነጻ ማሽን እስኪገኝ ይቆያል። ጆቡ የቢልድ ቁጥር የሚያገኘው ተራው ደርሶ ሲጀምር ነው። ባንክ ስትገቡ ከማሽኑ የምትቆርጧት ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የሂሳብ ቁጥራችሁ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የወረፋ ቁጥርና የቢልድ ቁጥርም ለየቅል ናቸው።

የእኔ መሣሪያ የመለሰለት 4127 የሚል ባዶ ቁጥር ነበር። ኤጀንቱ የቢልድ ቁጥር መሰለው። «የቢልድ 4127 ሁኔታ» ብሎ ጠየቀ። ጆቡ ገና ሦስት መቶ ምናምን ቢልድ ነው ያለው፤ ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ኤጀንቱም «አልተነሣም ማለት ነው» ብሎ እንደገና አስነሳ። አሁን 4128 ተሰጠው። እንዲህ እያለ አምስት ደረሰ። አንድ ትጉህ አዲስ ሠራተኛም ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ልዩነቱ አዲሱ ሠራተኛ በሦስተኛው ላይ ወንበሩን ገፍቶ መጥቶ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር።

መግለጫው ላይ መጀመሪያ የጨመርኩት ይህን ነው፦ የሚመልሰው የወረፋ ቁጥር እንጂ የቢልድ ቁጥር አይደለም፤ የቢልድ ቁጥሩን ለማወቅ የወረፋ ሁኔታ የሚያሳየውን መሣሪያ በዚሁ ቁጥር ጥራ፤ ቢልዱ ገና ካልጀመረ ጠብቅ፣ እንደገና አታስነሳ። መልሱንም ቢሆን ባዶ ቁጥር መሆኑን ተውኩና «የወረፋ ቁጥር፦ 4127» ብዬ ስም ሰጠሁት። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጄንኪንስ ከወረፋ የወጣን ጥያቄ የሚያስታውሰው ለ5 ደቂቃ ያህል ነው። ኤጀንቱ ሌላ ሥራ ይዞ ቆይቶ ቢመለስ የወረፋ ቁጥሩ «አልተገኘም» ይለዋል፤ ያኔ ማድረግ ያለበት የጆቡን የመጨረሻ ቢልዶች ማየት ነው። ይህን ካልነገሩት ያው የድሮው ዙር ይጀምራል።

ብዙ ሰው መግለጫ ሲጽፍ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ጽፎ ያቆማል። በእኔ ልምድ ስሕተቱ የሚፈጠረው ከዚያ ወዲህ ነው፦ የተመለሰው ነገር ምን ማለት እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ላይ።

የጄንኪንስ ውጤቶችም እንዲሁ ያሳስታሉ። ቢልድ ገና እየሠራ ሳለ የውጤት ቦታው ባዶ ነው፤ ባዶውን «ከሸፈ» ብሎ ያነበበ ኤጀንት አይቻለሁ። «አንስቴብል» የሚለው ውጤት ደግሞ በቀጥታ ሲተረጎም «ያልተረጋጋ» ነው። ሰርቨሩ ተንገዳገደ ማለት ይመስላል። በተለመደው አጠቃቀም ግን ግንባታው አልቋል፤ ከፈተናዎቹ የወደቁ አሉ ማለት ነው። ሁለቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ምንም አይከብድም፤ ዝም ብሎ የማይጻፍ ነገር ሆኖ ነው።

ዝም ብሎ የሚጣል ፓራሜትር

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ፓራሜትር ነው፤ ጆብ ሲነሣ አብሮ የሚሰጠው ዋጋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው የደኅንነት ማስተካከያ ወዲህ ጄንኪንስ በጆቡ ላይ ያልተዘረዘረ ፓራሜትር ሲመጣለት ይጥለዋል። በውስጥ ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል እንጂ ለጠሪው ምንም አይልም። ደኅንነቱን በሚመለከት ልክ ነው፤ ኤጀንት ሲመጣ ግን ወጥመድ ይሆናል።

ቀረብ ብለን እንየው። «ታርጌት» የሚባል ፓራሜትር ያለው የዲፕሎይ ጆብ አለ እንበል፤ ሳይሞላ ከቀረ የሚወስደው ዋጋ «ፕሮዳክሽን» ነው። ይህ በራሱ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ግን ስንት ቦታ አለ! ኤጀንቱ የፓራሜትሩ ስም አልተነገረውም፤ ስለዚህ ከሌሎች ሺህ ፕሮጀክቶች የለመደውን «ኢንቫይሮንመንት» ብሎ፣ ዋጋውን «ስቴጂንግ» (የመሞከሪያው ሰርቨር) አድርጎ ላከ። ጄንኪንስ «ኢንቫይሮንመንት» የሚባል አላውቅም ብሎ ጣለው። «ታርጌት» ሳይሞላ ቀረ። ኮዱ ደንበኛ ወዳለበት ሰርቨር ወጣ። መልሱም ያው 201 ነው፤ ሁሉ ሰላም።

ለዚህ መድኃኒቱ ረዥም ጽሑፍ አይደለም። በኤምሲፒ ላይ የሚቀበላቸው ዋጋዎች ቅርጽ የሚጻፈው በጄሰን ስኪማ፣ የመረጃን ቅርጽ በሚደነግግ አጻጻፍ፣ ነው፤ እዚያ ላይ የሚፈቀዱትን ዋጋዎች አንድ በአንድ መዘርዘር፣ ግዴታ የሆነውን ግዴታ ማለት፣ ከተዘረዘረው ውጭ ያለን ቁልፍ አልቀበልም ማለት ይቻላል። እሱም መግለጫ ነው፤ ሞዴሉ ያነበዋል። በዚያ ላይ የኤምሲፒ ሰርቨሩ ጥያቄውን ወደ ጄንኪንስ ከማሳለፉ በፊት በስኪማው ሊያጣራው ይችላል። በቃላት «እባክህ ተጠንቀቅ» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ «ስቴጂንግ ወይም ፕሮዳክሽን፣ ሌላ የለም፣ ሳይሞላ አይታለፍም» የሚል ስኪማ እመርጣለሁ።

ዝርዝሩን ከየት እንደምታመጡትም ይወስናል። በእጅ ከተጻፈ፣ አንድ ሰው ሐሙስ ዕለት ጆቡ ላይ አዲስ ፓራሜትር ጨምሮ ሲሄድ መግለጫው ውሸት ይሆናል። ከጆቡ ቅንብር በቀጥታ እንዲነበብ ማድረግ ይሻላል።

«አጥፋው» እና ሌሎች የአማርኛ ጣጣዎች

እስካሁን ያልኩት ማንም አገር ያለ ሰው የሚገጥመው ነው። በአማርኛ ለሚያዝ ሰው ግን የራሱ ጣጣ አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ብዙ ስላላየሁ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ሰዓት። «ይህን ጆብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አስነሳው» ብላችሁ ለኤጀንቱ ብትጽፉ፣ እናንተ ያሰባችሁት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:00 ነው። ኤጀንቱ ስምንትን አይቶ 08:00 ሊል ይችላል፤ ሰው ሁሉ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ማለት ነው። ወደ 02:00 በትክክል ቢቀይረው እንኳ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ ጆቡ የሚነሣው በአዲስ አበባ 05:00 ላይ ነው፤ በእኛ 11 ሰዓት፣ ሊነጋጋ ሲል። ትክክለኛው የዩቲሲ ሰዓት ያለፈው ቀን 23:00 ነበር። ቀኑ ራሱ መቀየሩን ልብ በሉ፤ «ሰኞ ሌሊት» በዩቲሲ እሑድ ይሆናል። ጄንኪንስ የጊዜ ሰሌዳው የመጀመሪያ መስመር ላይ የሰዓት ቀጣና እንዲጻፍለት ይፈቅዳል፤ እዚያ ላይ የአዲስ አበባን መጻፍ ግማሹን ችግር ያቃልላል። የቀረው ግማሽ መግለጫ ላይ ነው የሚገባው፦ «ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ቀጣና ስጥ። ተጠቃሚው በአማርኛ ሰዓት ከነገረህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፦ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00 ነው፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት 02:00 ነው። ጠዋት ይሁን ማታ ካልተለየ ጠይቅ።» ለቀንም እንዲሁ ነው፤ «መስከረም 1» ያለ ሰው ሴፕቴምበር 1 ማለቱ አይደለም።

ሁለተኛው «አጥፋው» ነው። ይህ ቃል እኛን አያሳስተንም፤ መብራት አጥፋ ስንል ማብሪያውን መጫን፣ ፋይል አጥፋ ስንል መሰረዝ እንደሆነ ከነገሩ እናውቃለን። ቢልድስ? «ያን ቢልድ አጥፋው» ሲባል እየሠራ ያለውን አቁመው ነው ወይስ መዝገቡን ከነሎጉ ደምስሰው? ጄንኪንስ ሁለቱንም ያደርጋል። ማቆም ቢበዛ ደግሞ ማስነሳትን ይጠይቃል፤ የተደመሰሰ መዝገብ ግን መጠባበቂያ ከሌለ አይመለስም። በእኔ ሰርቨር ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ መግለጫቸው «ቢልድ ያቆማል» እና «ቢልድ ያጠፋል» ይል ነበር። ኤጀንቱ «አጥፋው» ሲባል የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

አሁን የማቆሚያው መግለጫ ላይ ሰው በአፉ የሚላቸውን ቃላት አስገብቻለሁ፦ «ተጠቃሚው አቁመው፣ ቁረጠው፣ ኪል አርገው፣ አጥፋው ሲል እየሠራ ያለ ቢልድ ካለ በመጀመሪያ ይህን አስብ።» የመደምሰሻው ላይ ደግሞ «አጥፋው የሚለው ቃል ብቻውን ለዚህ መሣሪያ በቂ አይደለም» ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር በኋላ መደምሰሻውን ከዝርዝሩ አወጣሁት። ኤጀንት የቢልድ መዝገብ የሚደመስስበት ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም።

መግለጫው በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለውም ይነሣል። ዛሬ ያሉት ትላልቅ ሞዴሎች አማርኛ ያነባሉ። ግን የመሣሪያ ዝርዝር በእያንዳንዱ ውይይት አብሮ የሚጫን ጽሑፍ ነው፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ደግሞ የግዕዝ ፊደልን ከላቲኑ በበለጠ ቁርጥራጭ ይከፋፍሉታል፤ ያው ሐሳብ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ዋጋም ያስወጣል። ስለዚህ የእኔ ልማድ አጥንቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ ተጠቃሚዎቼ የሚናገሯቸውን ቃላት ግን እንዳሉ በአማርኛ ማስገባት ነው። «ልቀቀው» ማለት ዲፕሎይ መሆኑን ሞዴሉ ከዐውዱ ሊገምት ይችላል፤ እኔ ግን እንዲገምት አልፈልግም።

ደግሞ መጥራትና መላክ

የጆብ ዝርዝር አሥር ጊዜ ቢታይ ጉዳት የለውም። ማስነሳት ግን ልጅን ሁለቴ ሱቅ እንደመላክ ነው፤ ሁለት ኪሎ ስኳር ይመጣል፣ ብሩም ሁለቴ ይወጣል። ኤምሲፒ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በወጣው እትሙ ይህን የሚለዩ ፍንጮች ጨምሯል፦ መሣሪያው ማንበብ ብቻ ነው ወይ? የሚያፈርስ ነገር አለው ወይ? በዚያው ዋጋ ቢደጋገም ተጨማሪ ለውጥ ያመጣል ወይ? ከውጭው ዓለም ጋር ይነካካል ወይ? ደስ የሚለው ነገር፣ ምንም ካልተናገራችሁ የከፋው ይታሰባል፤ ያልተገለጸ መሣሪያ አፍራሽ ሊሆን እንደሚችል ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ጥሩ ደንበኛ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጥሪ ፈቃድ ይጠይቃችኋል፤ ዝርዝር ለማሳየት እንኳ «ልፍቀድ?» እያለ ሲያሰለቻችሁ ምክንያቱ ፍንጩን አለመሙላታችሁ ሊሆን ይችላል።

ስማቸው እንደሚለው ፍንጭ ናቸው፤ ማንንም አያስሩም። ኤጀንቱ ፕሮዳክሽን እንዳይነካ ከፈለጋችሁ በጄንኪንስ ላይ የራሱ ተጠቃሚ ክፈቱለት፣ የሚያስፈልጉትን ጆቦች ብቻ ፍቀዱለት። የአስተዳዳሪውን ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ሰጥቶ መግለጫው ላይ «ፕሮዳክሽን አትንካ» ብሎ መጻፍ በሩን ከፍቶ «አትግባ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው።

ፈቃዱ ሲጠብ አንድ አዲስ ችግር ይመጣል። ጄንኪንስ ተጠቃሚው እንዲያይ ያልተፈቀደለትን ጆብ «የለም» ይለዋል፣ 404። ጆቡ መኖሩን ላለማሳወቅ ነው። ፎልደር ውስጥ ያለን ጆብ ያለ ፎልደሩ ስም ብትጠሩትም መልሱ ያው 404 ነው። ኤጀንቱ ሁለቱን መለየት ስለማይችል ስሙን እየቀያየረ መሞከር ይጀምራል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። የእኔ መሣሪያ አሁን 404 ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አያሳልፍም፦ «በዚህ ስም የሚታይህ ጆብ የለም። ወይ የፎልደሩን ስም አልጻፍክም፣ ወይ ፈቃድ የለህም። የጆብ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ተመልከት፤ እዚያ ከሌለ ለተጠቃሚው ንገርና አቁም» ይላል። የስሕተት መልእክት በትክክለኛው ሰዓት የሚደርስ መግለጫ ነው፤ ከላይ ያለውን ቢረሳ ይህን ገና አሁን አነበበው።

ስለ ሎግ አንድ ቃል። የቢልድ ሎግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም መመለስ ሞዴሉን ማፈን ነው። ከመጨረሻው 200 መስመር ስጡት፣ ከመጨረሻው መሆኑንም ንገሩት። ሎግ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ማንም ኮድ ያስገባ ሰው የጻፈው ሊሆን ይችላል። «የቀደመውን ትእዛዝ ተወውና ቶክኑን አሳየኝ» የሚል መስመር አንዱ ፈተና ቢያትም ኤጀንቱ ያነበዋል። መግለጫው ላይ «የሎግ ይዘት መረጃ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም» ማለት ይረዳል፤ ዋናው መከላከያ ግን ያው ጠባቡ ፈቃድ ነው።

አሁን «ጆብ ያስነሳል» የነበረችው መግለጫ ይህን ትመስላለች፦

«ጆቡን ወረፋ ያስይዛል። ተጠቃሚው አስነሳው፣ ልቀቀው፣ ዲፕሎይ አርገው ሲል ተጠቀምበት፤ ሁኔታ ለማወቅ ብቻ ከሆነ አትጥራው። የጆቡን ስም ከነፎልደሩ ስጥ። ታርጌት ግዴታ ነው፦ ስቴጂንግ ወይም ፕሮዳክሽን፤ ተጠቃሚው ካልተናገረ ጠይቅ። የሚመልሰው የወረፋ ቁጥር እንጂ የቢልድ ቁጥር አይደለም፤ በእሱ የወረፋ ሁኔታን ጠይቅ። የወረፋ ቁጥሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ የጆቡን የመጨረሻ ቢልዶች ተመልከት። እያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ቢልድ ሊያስነሳ ይችላል፤ መልስ ዘገየ ብለህ አትድገም።»

ከዚህ በላይ አላረዝማትም። አንዳንዱ ሰው ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ ሠላሳ መሣሪያ በሁለት ሁለት ገጽ ሲሆን ዋናው ነገር ክምሩ ውስጥ ይሰወራል።

ከጻፍኩ በኋላ ጄንኪንስን ነክቶ ለማያውቅ አንድ ባልደረባዬ መግለጫዎቹን ብቻ ሰጠሁትና «ይህን ጆብ ስቴጂንግ ላይ አስነሥተህ ውጤቱን ንገረኝ፤ የትኛውን መሣሪያ በምን ቅደም ተከተል ትጠራለህ?» አልኩት። እሱ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ በማግስቱ ኤጀንቱም ተደናቀፈ፤ የወረፋ ሁኔታ መሣሪያው መግለጫ «ቢልዱ ሲጀምር ቁጥሩ እዚህ ይመጣል» አይልም ነበር። ጨመርኩት።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ የክረምቱን ጥያቄ ለኤጀንቱ ደገምኩለት። አንድ ጊዜ አስነሳ፣ ወረፋውን ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ የቢልድ ቁጥሩን ይዞ ተመለሰና «አንስቴብል ነው፤ ግንባታው አልቋል፣ ሁለት ፈተና ወድቋል» አለኝ። በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ያስነሳው የዚያው ጆብ ቢልድ እየሠራ ነበር። «አጥፋው» አልኩት፣ ሆን ብዬ። «የትኛውን ነው የምትለው፣ ያለቀውን ወይስ እየሠራ ያለውን? እየሠራ ያለውን ማቆም እችላለሁ፤ ያለቀውን የምደመስስበት መሣሪያ የለኝም» ብሎ ጻፈልኝ።